ለድሮ ቮልስ ሬዲዮ የዘንግ ዳዶ፦ መጠኑን እንዴት ልወቅ? ከየትስ ላግኝ?

የጠባሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። የአባቴን ቮልስ ቀስ በቀስ እያደስኩ ነው። ሞተሩና ፍሬኑ ደህና ሆነዋል። የቀረኝ ሬዲዮኑ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ሬዲዮ ነው፤ ግን ለብዙ ዓመት ተነቅሎ ካርቶን ውስጥ ስለተቀመጠ ትንንሾቹ ዕቃዎች ጠፍተዋል።

ዋናው ችግሬ ዳዶ ነው። ማዞሪያዎቹ የሚገቡባቸው ሁለት ዘንጎች አሉ አይደል? አንገታቸው ላይ የሚጠብቁት፣ ሬዲዮኑን ከክሩስኮቱ (ከመሪው ጎን ካለው የፊት ሰሌዳ) ጋር የሚይዙት ስስ ዳዶዎች የሉም። ቡሎን ቤት ገብቼ አንገቱን አሳየኋቸው፤ የሰጡኝ ዳዶ ገና ሲጀምር ነከሰ፣ አልገባም አለ። ሳይክል ሰፈርም ሞከርኩ። እሱ አንድ ዙር ሄዶ ቆመ። በግድ ማዞሩን ፈራሁ።

የፋብሪካው ስም ያለበት ብረት ወልቋል። ስኬሉ (የጣቢያ ቁጥሮቹ የተጻፉበት) ላይ ዩ፣ ኤም እና ኬ የሚሉ የላቲን ፊደሎች አሉ። ኬው አጠገብ 49 ተጽፏል። ከጀርባ ያለው የስፒከር መሰኪያ አንዱ ቀዳዳ ክብ ነው፣ ሌላው ቀጭን ስንጥቅ ነው። ምን ሬዲዮ እንደሆነ የሚያውቅ አለ? አዲስ አበባ መሄድ ካለብኝ እሄዳለሁ። ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አውቄ ልሂድ።

ስታኞ፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ በግድ አለማዞርህ ደግ አደረግህ። የዚያ አንገት ጥርስ አንዴ ከተበላ ዳዶ ብቻ አይደለም የምትፈልገው። ቮልዩሙን፣ ዘንጉ የወጣበትን የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ በሙሉ ትቀይራለህ። ያ ቮልዩም ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያውም ቶኑም አንድ ላይ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም።

ስሙ ቢጠፋም ስኬሉ አገሩን ይነግርሃል። ዩ፣ ኤም፣ ኤል እና ኬ የጀርመን አጻጻፍ ነው። ኤም መካከለኛ ሞገድ ነው፣ ኤል ረጅም፣ ኬ አጭር። ዩ ኤፍኤም ነው። 49 የሚለው የአጭር ሞገዱ ባንድ በሜትር ነው፤ 6 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማለት ነው። ፒኦ እና ጂኦ ካየህ የፈረንሳይ ነው፣ ፔጆ ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ኦኤም እና ኦኤል ካለበት የጣሊያን ነው፤ ፊያት ላይ የነበረው አውቶቮክስ እንደዚያ ነው። ኤምደብሊውና ኤልደብሊው ከሆነ እንግሊዝን አስብ። ኤኤም እና ኤፍኤም ብቻ ካለ ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ ጀምር።

ቮልስ ላይ ከሆነ ብላውፑንክት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሞዴሎቹን በከተማ ስም ነው የሚጠሯቸው፤ ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ብሬመን፣ ሀምቡርግ እያሉ። ፊቱ ላይ ወይም ማዞሪያው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ካለ እሱ ነው። ድርጅቱ በ1923 እ.ኤ.አ. በርሊን ሲቋቋም አይዲያል ይባል ነበር። ፈትሾ ላሳለፈው የጆሮ ማዳመጫ ሰማያዊ ነጥብ ያደርግበት ስለነበር ገዢው በነጥቡ ለመደው። በ1932 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የመኪና ሬዲዮ ያወጣውም እሱ ነው። ያኛው ወደ 15 ኪሎ ይመዝን ነበር።

ዳዶ ስትፈልግ ግን ይሄን ሁሉ ተወው። «የብላውፑንክት ዳዶ» ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጥልህ ሱቅ የለም። ዳዶ መጠንና ጥርስ ነው። ሁለቱን ካወቅህ ሬዲዮ ካልሆነ ዕቃ ላይም ታገኘዋለህ። ካሊፐር ተዋስና የአንገቱን የውጪ ውፍረት ለካ። ከዚያ የጥርሱን ርቀት፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።

የቻቻው

ወንድሜ፣ እኔ በቅንነት ነው የምልህ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ክሩስኮቱን ትንሽ አስፋና አዲስ ሬዲዮ አስገባ። ብሉቱዝ አለው፣ ስልክህን ታገናኛለህ፣ ፍላሽም ይቀበላል። አንድ ጋራዥ ውስጥ በግማሽ ቀን ያልቃል።

መንዜ 404፣ መሀል ሜዳ

የቻቻው ወንድማችን ያልከው ለብዙ መኪና ይሠራል። እዚህ ግን አልስማማም። የአዲስ ሬዲዮ ቀዳዳ 182 በ53 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ባለ ሁለት ዘንግ ሬዲዮ ደግሞ መሀሉ ላይ ለስኬሉ የሚሆን ጠባብ መስኮት፣ ግራና ቀኝ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያን ለማስፋት ብረቱን በፍሌክስ ትቆርጣለህ። የቮልስ ክሩስኮት የቦዲው አካል ነው፤ እንደ አሁኑ መኪና ፕላስቲኩን ነቅለህ ሌላ አትገጥምበትም። የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

እኔ ፔጆ 404 ላይ እንዲህ የተቆረጠ ክሩስኮት ለማስጠገን ከሬዲዮኑ ዋጋ በላይ አውጥቻለሁ። የቆረጠው ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ዘፈን ከስልክ መስማት ለፈለገ ባትሪ ያለው ትንሽ ስፒከር ወንበር ሥር ይበቃዋል።

የጠባሴው፣ ከዳዶው ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኋላ ማሰሪያው አለ?

የጠባሴ ልጅ

የኋላ ማሰሪያ ምን ይመስላል? ከጀርባው መሀል ላይ ጥርስ ያለው አጭር ቡሎን ወጥቶ ይታያል። ባዶ ነው።

መንዜ 404

እሱ ነው። እዚያ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ይታሰርና ሌላው ጫፉ ከክሩስኮቱ ኋላ ካለው ብረት ጋር ይያዛል። ብዙ ሰው ይሄን ይተወዋል። ከዚያ የሬዲዮኑ ክብደት በሙሉ ሁለቱ አንገቶች ላይ ይንጠለጠላል። ከጣርማበር ወደ መሀል ሜዳ በጠጠር መንገድ የነዳ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ዳዶው መጀመሪያ ይላላል፣ ቀጥሎ ይወድቃል። አባትህም ሬዲዮኑን ያወጡት በዚሁ ምክንያት ቢሆን አይገርመኝም።

ላሜራው ከየትም ይገኛል። የቧንቧ ማሰሪያ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ቀዳዳ ያለው ጥቅል አለ፤ አንድ ክንድ ቁረጥልኝ በል። የቡሎኑን ዳዶ ብቻ ለካ። አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሜትሪክ ስለሆነ አያስቸግርም።

ቶርኖ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም። ቶርኖ ላይ ነው የምሠራው። አለካኩን በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቡሎን ቤት የሰጡህ ዳዶ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው። በየሱቁ ያለው የተለመደው እሱ ነው። ሳይክል ቤት ያገኘኸው አንድ ዙር ሄዶ ከቆመ 1 ሚሊ ነው። የግድግዳና የጣሪያ መብራት ውስጥ ያለችው ባዶ ቧንቧም 10 በ1 ናት፣ እሷም ታሳስታለች። የቮልዩም አንገት ጥርስ ከነዚህ ሁሉ የደቀቀ ነው። ለዚህ ነው የማይገባው።

ውፍረቱን በካሊፐር ስትለካ የጥርሱን ጫፍ ያዝ። ወደ 9.8 ወይም 9.9 ካሳየህ የ10 ነው። 8.8 ወይም 8.9 ከሆነ የ9 ነው፤ ጃፓኖቹ እሱን ይወዳሉ። 9.4 ወይም 9.5 ካየህ ግን ሜትሪክ አይደለም። 3 ስምንተኛ ኢንች ነው፣ በትክክሉ 9.525 ሚሊ።

የጥርሱን ርቀት እንዲህ አድርግ። ስስ ወረቀት አንገቱ ላይ ጠቅልልና በጥፍርህ ጫን ጫን አድርገው። ወረቀቱ ላይ የጥርሱ መስመር ይቀራል። ዘርጋውና ከመጀመሪያው መስመር እስከ ስድስተኛው ድረስ ለካ። በመካከሉ 5 ርቀት አለ ማለት ነው። 3.75 ሚሊ ከመጣ ርቀቱ 0.75 ነው። 5 ሚሊ ከመጣ 1 ነው። 4 ሊሞላ ትንሽ ከቀረው፣ 3.97 አካባቢ፣ በኢንች 32 ጥርስ ያለው ነው። በ0.75ና በ32 ጥርሱ መካከል ያለው ልዩነት የፀጉር ያህል ስለሆነ ውፍረቱንና ርቀቱን አንድ ላይ ነው የምታየው። አንዱን ብቻ ይዘህ አትወስን።

ሌላ ነገር፣ ጋራዥ ውስጥ «የ10» ሲሉህ የቁልፉን ቁጥር ሊሆን ይችላል። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ዳዶ ውስጡ 6 ሚሊ ነው። ሱቅ ስትገባ «ውስጡ 10፣ ጥርሱ 0.75» በል።

የጠባሴ ልጅ

ወንድሜ ቶርኖ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ በደንብ ሠራ። ውፍረቱ 9.85 ነው። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው መስመር 3.75 ይሆናል፣ ቢበልጥም በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱም አንገቶች አንድ ናቸው። ስለዚህ 10 በ0.75 ነው ማለት ነው?

ደግሞ ፊቱን በስፖንጅ ስወለውል በግራ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ክብ ወጣች። ጋሼ ስታኞ እንዳሉት ነው።

ስታኞ

እንግዲህ ታወቀ። 10 በ0.75 የአውሮፓ የቮልዩም አንገት የተለመደ ልክ ነው። ያ ማለት ደግሞ የመኪና ሬዲዮ ብቻ መፈለግ የለብህም። በየቤቱ የነበሩት ባለ ጣውላ ሬዲዮኖች፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ፊሊፕስ፣ የድሮዎቹ ባለ ክር ቴፖችም ጭምር፣ ቮልዩማቸው ብዙ ጊዜ በዚሁ ዳዶ ነው የሚታሰረው። ድምፅና ቶን ለየብቻ ካለው አንድ ሬዲዮ ሁለት ዳዶ ይሰጥሃል።

ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ደብረ ብርሃን ያሉትን ቆራሌዎች ጠይቅ። ጣውላው የተበላ፣ መብራቱ የተሰበረ፣ ማንም የማይጠግነው ሬዲዮ ይፈልግልህ። ደህናውን አታፍርስ፤ ደህናው ራሱ ሰው ይፈልገዋል።

ካጣህ መርካቶ ምናለሽ ተራ ግባ። ሶማሌ ተራ የመኪናውን መለዋወጫ ታገኛለህ፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ምናለሽ ተራ ነው። ሬዲዮኑን ይዘህ ሂድ። ቮልዩሙን ነቅለህ ለናሙና አትያዝ፤ ሽቦዎቹ ከፋብሪካ እንደተበየዱ ቢቆዩ ይሻላል። የብራንድ ስም አትጥራ፣ ዋጋው ወዲያው ይወጣል። «የድሮ ቮልዩም ዳዶ» ካልክ በቆርቆሮ ሙሉ ያወጡልሃል፣ አንድ በአንድ በእጅህ እየሞከርክ ትለያለህ። ትክክለኛው ዳዶ በሁለት ጣት ብቻ እስከ ታች ይወርዳል። ቁልፍ ከፈለገ አይደለም።

ቮልዩሙ ሲታሰር የነበረውን ሮንዴላም አብረህ ውሰድ። ስስ ስለሆነ ሌላ ቦታ አታገኘውም።

የፍቼዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም የአባቴ ላንድሮቨር አለችኝ፣ የድሮዋ። ሬዲዮኑ የእንግሊዝ ነው፣ ራዲዮሞባይል ይላል። አንድ ኤሌክትሪሺያን «ባትሪው ተገልብጦ ነው የታሰረው» ብሎ ሊያዞረው ሲል ከለከልኩት። ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር ነው የታሰረው። ልክ ነው ወይስ ስህተት? ዳዶዋም አንዷ ጠፍታለች።

ስታኞ

እህቴ፣ መከልከልሽ ሬዲዮኑን አድኖታል። የእንግሊዝ መኪኖች እስከ 1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ ድረስ ፖዘቲቩን ነበር ማሳ የሚያደርጉት፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚያስሩት። መኪናሽ እንደዚያ ከመጣች ሬዲዮኑም ለዚያ የተሠራ ነው። ባትሪው ተገልብጦ ቢበራ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮቹ ወዲያው ይሞታሉ። እነሱን የሚተካ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሬዲዮኖች ከጎን ወይም ከጀርባ ማሳውን የምትቀይር ተገልብጣ የምትገባ ትንሽ መሰኪያ አላቸው። አጠገቧ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። የት ላይ እንደቆመች አይተሽ ከባትሪው ጋር አመሳክሪ። ያለበለዚያ አታብሪው። ያን መሰኪያ የሌለውን ሬዲዮ ሌላ ዓይነት ማሳ ባለው መኪና ላይ እንዳትገጥሚ፤ ቆርቆሮው ራሱ ከቦዲው ጋር ሲነካ ሾርት ይሆናል።

የዳዶውን ልክ ወንድማችን ቶርኖ እንዳለው ለኪው። የእንግሊዝ ከሆነ ኢንች ሊሆን ስለሚችል ከጠባሴው ጋር አንድ ነው ብለሽ አትነሺ።

የጠባሴው፣ አንተም ከማብራትህ በፊት ቮልቱን እይ። ቮልስ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ 6 ቮልት ነበረች። ባትሪው ላይ 3 ክዳን ካለ 6 ነው፣ 6 ክዳን ካለ 12። አንዳንድ መኪና በኋላ ወደ 12 ተቀይሯል፤ ሬዲዮኑ ግን እዚያው 6 ላይ ቀርቷል። የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮ 6 እና 12 የሚል መቀየሪያ ሊኖረው ይችላል።

የጠባሴ ልጅ

ባትሪው 12 ነው። ከሬዲዮኑ ጎን መቀየሪያ አለ፣ እሱም 12 ላይ ነው። ኔጌቲቩ ነው ማሳው።

ስለ ስፒከሩ መሰኪያስ? ገመዱን በቀጥታ ከውስጥ ልበይደው እንዴ?

ስታኞ

አትበይድ። ክብና ስንጥቅ ያለው መሰኪያ የጀርመን የስፒከር መሰኪያ ነው፣ ቁጥሩ ዲን 41529። አንዱ እግር ክብ፣ አንዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ተገልብጦ አይገባም። ግሩንዲግ ቴፕና የሸክላ ማጫወቻ ላይም ያው ነው ያለው። ዳዶ የምትወስድበት ፍርስራሽ አጠገብ የእሱን ገመድ ፈልግ፣ ጫፉን ቁረጥና ውሰድ።

ስፒከሩ 4 ኦም ይሁን። እና አደራ፣ ስፒከር ሳትሰካ አታብራው። ያለ ጭነት ሲሠራ የመጨረሻው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል።

የመጀመሪያ ቀን ስታበራው እንዲህ አድርግ። የፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 21 ዋት፣ በፖዘቲቩ መስመር ላይ በሴሪ እሰር፣ ኃይሉ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሬዲዮኑ እንዲሄድ። ሬዲዮኑ ደህና ከሆነ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል ወይም ጭራሽ አይበራም። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ይሰጣል፣ ኃይሉን እሱ ይወስደዋል፣ ሬዲዮኑ ግን ይተርፋል። ደብዛዛ ሆኖ ከቆየ አምፖሉን አውጥተህ በቦታው ትንሽ ቫልቮላ አድርግ።

ቶርኖ

አምፖሉን እኔም ሌላ ሥራ ላይ እጠቀምበታለሁ፣ ጥሩ ነገር ነው።

ዳዶው ሁለተኛው ከጠፋ ወደ እኔ አምጣው። 0.75 ለቶርኖ ችግር የለውም፣ ማርሹ ላይ አለ። የሚከብደው ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የውስጥ ጥርስ ማውጣቱ ነው። ቀጭን መቁረጫ መሳል ያስፈልጋል። ናስ ይዘህ ና። የተሰበረ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ጎን ናስ ይበቃል። ብረት አልመክርም፤ አንገቱ ከዳዶው ቀድሞ እንዲበላ አንፈልግም። ውፍረቱን 2 ሚሊ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጌ አወጣልሃለሁ። ከዚያ ከወፈረ ማዞሪያው እስከ መጨረሻ አይገባም።

የጠባሴ ልጅ

ዜና ይዤ መጣሁ። አንድ ቆራሌ ግቢ ውስጥ ጣውላው የበሰበሰ ግሩንዲግ ተገኘ። የድምፁ ቮልዩም ላይ የነበረው ዳዶ በሁለት ጣት እስከ ታች ወረደ። ሮንዴላውም አብሮ አለ። የቶኑ ግን ከነአንገቱ ተሰብሯል፣ ዳዶው የለም። ሁለተኛውን ወንድሜ ቶርኖ በናስ ሠራልኝ፤ ከዋናው አይለይም። የስፒከሩንም መሰኪያ ከዚያው ከግሩንዲጉ ጀርባ አገኘሁ፣ ገመዱ ሳይቀር።

በፍሬቻ አምፖሉ አበራሁት። አምፖሉ ደብዛዛ ነው፣ የስኬሉ መብራት በራ፣ ከስፒከሩ ቀጭን ሹክሹክታ ይሰማል። ኤፍኤሙ ይሠራል። መካከለኛውና አጭሩ ሞገድ ግን ጭጭ። አንድ ጣቢያ የለም። ማስተካከያውም ሲዞር በጣም ጠጣር ነው፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት።

ስታኞ

ጠጣርነቱ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር የደረቀ ግራሶ ነው። የመኪና ሬዲዮ እንደ ቤት ሬዲዮ በሚዞር ኮንዴንሰር አይደለም የሚያስተካክለው። ጥቁር የፌራይት ዘንጎች ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ፣ የሚገፋቸው ተንሸራታች ብረት ነው። ያ ብረት የሚሄድበት ላይ ያለውን የድሮ ግራሶ በንጹህ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አንሣ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ትንሽ አዲስ ግራሶ። የሚረጭ ዘይት እንዳትነፋበት፣ የስኬሉን መርፌ የሚጎትተውን ክር ያንሸራትተዋል። ፌራይቱን አትንካ፣ ቶሎ ይሰበራል።

ጭጭ ያለውን በተመለከተ ክዳኑን ክፈትና ትራንዚስተሮቹን እይ። ኤኤፍ 114፣ 115፣ 116 ወይም 117 የሚል፣ አራት እግር ያለው የብረት ቆብ አለ? እነዚህ የታወቀ በሽታ አለባቸው። በጊዜ ብዛት ከቆቡ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ የቆርቆሮ እሾህ ይበቅልና ከውስጥ እግሮቹ ጋር ይነካካል። ቆቡ ደግሞ በአራተኛው እግር ከማሳ ጋር ስለታሰረ ምልክቱ ወደ ማሳ ይፈሳል። በቴስተር ከአራተኛው እግር ወደ ሌሎቹ ለካ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ አራተኛውን እግር ብቻ ቁረጠው። ሌሎቹን ሦስቱን አትንካ። ብዙ ጊዜ ሬዲዮኑ እዚያው ይነሣል።

ስትበይድ ደግሞ ስታኞውን አታብዛ፣ እግሩን በፒንሳ ያዝ። ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም።

የጠባሴ ልጅ

ጋሼ፣ ኖሩልኝ! ኤኤፍ 117 ሁለት አሉ። አንዱ ከቆቡ ወደ መሀለኛው እግር አሳየ። አራተኛውን እግር ስቆርጠው መካከለኛው ሞገድ ወዲያው ተነሣ። ማታ ማታ የሩቅ አገር ጣቢያ ሁሉ ይገባል። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አባቴ በዚህ ሬዲዮ ዜና ሲሰማ ታስታውሳለች።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አዲስ አበባ ስገባ 97.1 እና 98.1 ጥርት ብለው ይይዛሉ። ሸገር 102.1 ግን ጭራሽ የለም። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መካከለኛው ሞገድ ላይ ከጋዙ ጋር የሚጨምር ጭርርታ አለ።

መንዜ 404

ስኬሉን እይ። ኤፍኤሙ 100 ላይ ያልቃል አይደል? የዚያ ዘመን የአውሮፓ ባንድ እዚያ ድረስ ነበር። ቆየት ብሎ 104 ሆነ፣ ከዚያ 108። ሬዲዮኑ አልተበላሸም። 102.1 ስኬሉ ውስጥ የለም። አንዳንድ ሰው ጥቅልሉን አዙሮ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ታች ያሉት ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ መርፌውም የተጻፈው ቁጥር ላይ አይቆምም። እኔ ብሆን አልነካውም።

ጭርርታው ከካንዴላው መስመር ነው። ቦቢናው ላይ ኮንዴንሰር እሰር፣ ግን ከመኪናው ቁልፍ ኃይል በሚመጣበት በኩል። ወደ ፑንቲናው በሚሄደው በኩል ካሰርከው ሞተሩ ይረበሻል። የኮንዴንሰሩ ቆርቆሮ ንጹህ ብረት ላይ ይታሰር፣ ቀለም ላይ አይሁን። የአንቴናውም ሥር እንደዚሁ፣ ከቦዲው ጋር የሚነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ።

ስታኞ

ከዚያ በኋላ የአንቴናውን ማስተካከያ አትርሳ። አንቴናው ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ቪቴ አለች። መካከለኛው ሞገድ ላይ፣ ከስኬሉ ላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ ደካማ ጣቢያ ያዝ። አንቴናውን ሙሉ አውጣ። ቪቴዋን ቀስ እያልክ ድምፁ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ አቁማት። አንቴና በቀየርክ ቁጥር ይሄ ይደገማል፤ የገመዱ ርዝመት ይለውጠዋል።

የፍቼዋ

የእኔን ለካሁ። ውፍረቱ 9.45 ነው። በወረቀቱ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው 4 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ማሳ መቀየሪያዋም ተገኘች፤ ፖዘቲቭ ላይ ናት፣ ከመኪናው ጋር ይስማማል። የጠባሴው ሁለተኛ ዳዶ ካሠራ አንድ ለእኔም ይሠራልኝ ይሆን?

ቶርኖ

እህቴ፣ ያንቺ 3 ስምንተኛ በ32 ነው። የጠባሴው ዳዶ አንቺ አንገት ላይ ቢገባም ልቅ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ያመልጣል። የእኔ ቶርኖ ሜትሪክ ስለሆነ 32ቱን ለማውጣት ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ያስፈልገዋል፣ እኔ ጋ የለም። ግን አትጨነቂ፣ ያንቺ ልክ ከሜትሪኩ ይልቅ በቀላሉ ነው የሚገኘው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቮልዩሞች ብዙዎቹ በእሱ ነው የሚታሰሩት። የድሮ የጊታር አምፕሊፋየርና የኤሌክትሪክ ጊታር ቮልዩም ላይም አለ። አዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ጠይቂ፤ የቀረችሽን አንዷን ዳዶ ይዘሽ ሂጂ፣ አጠገቧ አድርገው ያመሳክሩልሻል።